በፒካፑ ሆድ የደፈንናቸው ቀዳዳዎች

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ከወረታ ስንመለስ ነው። አባቴ መንገድ ለሚያቋርጡ ከብቶች ፍሬን ያዙ፤ ፒካፑ ቆመ፤ ከእግሬ አጠገብ፣ ከበሩ ደፍ ውስጥ፣ ውሃ ወደ ፊት ሄዶ ተላተመና ተመለሰ። በልጅነቴ በአሮጌ ጀልባዎች ወለል ላይ ስቀመጥ ይኸው ድምፅ ከሳንቃው ሥር ይመላለስ ነበር። ስለዚህ አልተጠራጠርሁም።

"አባ፣ ይሰማዎታል?" አልሁ።

"ምኑ?"

"ውሃ።"

"ጀሪካኑ ነው" አሉ፤ ዓይናቸውን ከከብቶቹ ሳያነሡ።

ጀሪካን ግን አልጫንንም ነበር።

ጊዜው ኅዳር ነው። ዝናቡ ካቆመ ሳምንታት አልፈዋል፤ በሜዳው ላይ ሩዙ ታጭዶ ተከምሯል፤ ከፊታችን የሚሄደው አይሱዙ የሚያስነሣው አቧራ መስታወታችንን አልብሶታል። በዚያ ደረቅ ቀን እስከ ባሕር ዳር ድረስ፣ አባቴ ፍሬን በያዙ ቁጥር፣ ያ ውሃ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እሳቸው ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉት። እኔ መስኮቱን ከፍቼ ወደ ውጭ አየሁ።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእንጨት ጀልባ ሠሪ ነበሩ። በጣና ሐይቅ ዳር ባለች መንደር ከአባታቸው ተምረው፣ ሳንቃ ከሳንቃ እየገጠሙ፣ በመካከሉ የሚቀረውን ስንጥቅ በሬንጅ በተነከረ የጥጥ ጨርቅ፣ በመሮና በመዶሻ እየጠቀጠቁ ሲደፍኑ ኖረዋል። ዓሣ አስጋሪዎች ሊያመሰግኗቸው ሲፈልጉ "የእሳቸው ጀልባ ጣሳ አይፈልግም" ይሉ ነበር፤ ውሃ መቅጃ ጣሳ ማለታቸው ነው። ይህን ምስጋና አባቴ ፊት ሲናገሩት ሰምቼ አውቃለሁ። አባቴ አይመልሱም፤ ብቻ መዶሻቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራሉ።

ጉልበታቸው መታጠፍ እምቢ ሲል፣ ዓይናቸውም ቀጭኑን ስንጥቅ መለየት ሲሳነው፣ ጀልባውን ተዉና ይህን አሮጌ ፒካፕ ያዙ። ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ባለው ቤታችን ግቢ ያድራል፤ ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል፤ በጨው የታሸ ደረቅ ዓሣ ጭኖ ወደ ነጋዴዎች መጋዘን ይወስዳል። የሚያኖረው ሐይቁ ነው፤ የሚገድለውም እሱው ነበር። ጀልባዎቹ ዳር ድረስ ስለማይጠጉ አባቴ ፒካፑን በኋላ ማርሽ እስከ ጎማው እምብርት ውሃ ውስጥ ያስገቡታል። ከዓሣው የሚንጠባጠበው የጨው ውሃ ደግሞ በጭነቱ ወለል ስንጥቅ አልፎ ወደ ሆዱ ይወርዳል። የጣና ውሃ ብረት አይበላም የሚል ካለ ጨው የታሸ ዓሣ ጭኖ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ጥር፣ ለቦሎ የሚመረምረው ሰው ከበሩ ሥር ገብቶ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ። ቀይ ቅርፊት እጁ ላይ ረገፈ። "አባቴ፣ ዘንድሮን ይሂዱ። በሚመጣው ዓመት እንዲህ ሆኖ ካመጡት ግን አላሳልፈውም" አላቸው፤ በክፋት አልነበረም። አባቴ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። እኔ የማውቀውን እሳቸውም ያውቃሉ። በመንደራቸው ጀልባ መሥራት ያቆሙ ሽማግሌዎች ከመስጊዱ አጥር ሥር ተደርድረው ይቀመጣሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሚያልፈውን ይቆጥራሉ። አባቴ በዚያ ሲያልፉ ሰላምታ የሚሰጡት በጥሩምባ ነው፤ አይቆሙም። ፒካፑ ከወደቀ በዚያ አጥር ሥር የሚቀመጡበት ቦታ ይጠብቃቸዋል።

እኔ በዚያ ሰሞን ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ሻንጣ አሰናድቼ ነበር። ግጥሞቼን በሁለት ደብተር ገልብጬ፣ ልብሴን ከላይ ደርቤ ዘግቼው ነበር። "ቦሎው ይለፍና" አልሁ ለራሴ።

ግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሆዱን ቤታችን ግቢ ውስጥ ልንሠራው ተነሣን። የምችለውን ያህል ከስልኬ ተምሬ ነበር፤ ቋንቋቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ከመኪና ሥር ተጋድመው ሲፍቁና ሲቀቡ እያየሁ። አባቴ ጀልባ ያሳርፉባቸው የነበሩትን ወፋፍራም ጉማጆች ከቤት ጀርባ አስመጡኝ። በክሪክ እያነሣን ፒካፑን በአራቱም በኩል አሳረፍነው። በውሃ አጠብነው፤ ሁለት ቀን ፀሐይና ነፋስ እንዲያገኘው ተውነው። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ ፍቅፈቃ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፤ ዝገቱ ዓይናችንና ጥርሳችን ውስጥ ገባ። ሁለታችን ጎን ለጎን በካርቶን ላይ ተጋድመን፣ እግራችን ብቻ ውጭ ቀርቶ ሳለ እናቴ ከበሩ ላይ ሆና፣

"ሁለት ጉማሬ ግቢዬ ውስጥ ተኝቶ ምሳ ለማን ላቅርብ?" አለች።

"ለትልቁ" አሉ አባቴ ከሥር።

"ትልቁ መነሣት ይችላል?"

"ልጁ ይጎትተዋል።"

እንዲህ ሲቀልዱ ከሰማኋቸው ቆይቼ ነበር።

ከታች ሆኖ መኪና ማየት ሌላ ነገር ነው። ከላይ ቀለምና መስታወት ነው፤ ከሥር ግን የመጣበት መንገድ ሁሉ ተጽፎበታል። የመራዊ ቀይ አፈር በአንዱ ማጠፊያ፣ የሐይቁ ጥቁር ጭቃ በሌላው፤ የዓሣ ቅርፊት ደግሞ በሻንሲው ላይ ተጣብቆ እንደ ጥፍር ያበራል። አባቴ አላዩትም፤ እጃቸውን ብቻ ነበር የሚያሳልፉት። የላላውን ቅርፊት በጣታቸው ጫፍ አግኝተው "እዚህ ጋ ድገመው" ይሉኛል። ሁልጊዜም ልክ ነበሩ።

ፀረ ዝገት ቀለሙን ቀባን። ሲደርቅ ሬንጁን በጣሳ አሟሙቀን፣ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርገን አቀጠንነው። ማርሚታውንና የፍሬኑን ቱቦ እንዳይነካ ጨርቅ ጠቀለልሁባቸው። የሬንጁ ሽታ ግቢውን ሲሞላው የአባቴ ፊት ተለወጠ። ብሩሹን ከእጄ ወሰዱ። የዓይን ነገር አላስቸገራቸውም፤ አንድም ነጠብጣብ ሳያንጠባጥቡ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ጀልባ እንደሚቀባው ቀቡት።

ከዚያ ቀዳዳዎቹን አገኟቸው።

ከበሩ ደፍ ሥር፣ በሻንሲውም ግራና ቀኝ፣ ጣት የሚያስገቡ ክብ ቀዳዳዎች አሉ። አባቴ አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጠሯቸው፤ አሥራ አራት። "ይኸው፣ ውሃው በዚህ ነው የሚገባ" አሉ። ከዋንዛ እንጨት ትንንሽ ውታፎች ይቀርጹ ጀመር።

እኔ አይቻለሁ። በስልኬ ላይ ሰውዬው ቀለም ሲቀባ ቀዳዳዎቹን በወረቀት ሸፍኖ፣ ሲጨርስ ወረቀቱን አንሥቶ ክፍት ትቷቸው ነበር። "አባ፣ ያ ሰውዬ ግን አልደፈናቸውም" አልሁ።

"ሐይቅ ውስጥ ይገባል ሰውዬው?"

"አይመስለኝም።"

"እሱን በመንገዱ ተወው።"

ዝም አልሁ። እውነት ይመስል ነበርና፤ ደግሞም ስለ ውሃ ከእሳቸው ጋር የምከራከር ሰው አልነበርሁም። እያንዳንዱን ውታፍ በሬንጅ በተነከረ ጥጥ ጠቀለሉት፤ "ቢስሚላህ" ብለው በቀዳዳው አፍ ላይ አኖሩት፤ ጉልበታቸው ስላስቸገራቸው መዶሻውን ለእኔ ሰጡኝ። የመታሁት እኔ ነኝ። ለስላሳ ድምፅ ነበረው። አሥራ አራተኛው ሲገባ አባቴ በመዳፋቸው ሆዱን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱና "አሁን ጣሳ አይፈልግም" አሉ። ስለ ሥራቸው ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ክረምቱ መጣና ሄደ። ኅዳር ላይ ያንን ድምፅ ሰማን።

ከዚያ በኋላ አባቴ ብቻቸውን መሄድ ጀመሩ። ሬዲዮኑ ሳይዘጋ ወደ ግቢ ይገባሉ። አንድ ጠዋት የሾፌሩን በኩል ምንጣፍ ሳነሣ ላሜራው በጣቴ ሥር እንደ ረጠበ ካርቶን ሰረጎደ። ቦሎው ሊደርስ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ጎማ አስነፋለሁ ብዬ ፒካፑን ወደ አንድ በያጅ ወሰድሁት፤ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ አፉ የማይዘጋ ሰው ነው።

ከሥር ገባና መጀመሪያ በፉጨት አደነቀ። "ከውጭ ሙሽራ ናት! ማን ነው የቀባት?" አለ። ከዚያ ካቻቢቴውን ከበሩ ደፍ ላይ ጫን ሲያደርገው ላሜራው ሳይታገል ተቀደደ፤ ቡናማ ውሃ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ዘሎ ወጣ። ሸሚዙን አሸተተ።

"ወንድሜ፣ እዚህ ውስጥ ቀረሶ ዓሣ ታረባለህ?"

አልሳቅሁም። ተመልሶ ገባና በፒንሳ አንዱን ውታፍ መንቀል ጀመረ። ለረጅም ጊዜ ታገለው። ሲወጣለት በፀሐይ ላይ ይዞ አገላበጠው።

"ይህን ማን ደፈነው?"

"እኔ" አልሁ።

"እጅህ ጎበዝ ነው። ጭንቅላትህን ግን ጠይቀው።" ውታፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። "የሠራው ፋብሪካ ሞኝ መስሎህ ነው? ዝናብ በመስታወቱ ላስቲክ ይገባል፣ በበሩ ይገባል፣ የምትጭነው ጨው ይገባል። በዚህ ነው የሚወጣ። አንተ ዘግተህ አስቀረኸው። ከውጭ አልዛገም፤ ከውስጥ ነው የበሰበሰው።"

"ይበየዳል?"

"ይበየዳል። በርጥብ ላይ ግን አልበይድም። ሁሉንም ክፈተው፣ አድርቀው፣ ከዚያ አምጣው።"

ወደ ቤት ስመለስ ውታፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጥጡ እንኳ አልላላም። ለአባቴ ምን ብዬ እንደምነግራቸው በመንገድ ሁሉ ቃል ስመርጥ መጣሁ፤ ግጥም ስጽፍ እንዲያ ለፍቼ አላውቅም። ቤት ደርሼ "ለበያጅ አሳይቼው ነበር፤ ጨው ነው የበላው" ብቻ አልኋቸው። "ጨው ነው" አሉ እሳቸውም፣ ቀስ ብለው።

ዓርብ ጠበቅሁ። አባቴ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ለጁምዓ ሲወጡ ክሪኩን አምጥቼ ገባሁ። ሳይመለሱ አሥራ ሦስቱንም እነቅላለሁ፣ ውሃውን አፈስሳለሁ፣ የቀዳዳውን ዳር በሬንጅ አድበስብሼ ክፍት እተወዋለሁ ብዬ ነበር ያሰብሁት። ዓይናቸው አያየውም። ጣታቸውን ግን ረስቼው ነበር። እነዚያ ውታፎችም የአባቴ ሥራ ነበሩ፤ ካቻቢቴው ይንሸራተታል፣ እንጨቱ ይፈረከሳል እንጂ በቀላሉ አይወጣም። አራተኛው ላይ ሳለሁ ከጎማው አጠገብ ጫማቸው ቆመ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

አራተኛው በዚያች ደቂቃ ወጣና ውሃው ትከሻዬን መታኝ፤ ከዚያ ያስቀመጥሁት ሳፋ ውስጥ ይንቆረቆር ጀመር። ያ ድምፅ ሁሉን ነገራቸው።

ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ቁጢጥ አሉ። "ስጠኝ" አሉ። ውታፉን ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው ጥጡን አሹት፣ አሸተቱት፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ዳሰሱት።

"አላፈሰሰም" አሉ።

"አላፈሰሰም፣ አባ።"

"በርትቷል።"

"አዎ።"

ሳፋው ውስጥ ያለውን ውሃ በጣታቸው ነኩና ወደ ምላሳቸው ወሰዱት። ጨው ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁትን በምንም ቃል አልገለጽሁትም፤ እስከ ዛሬም አልሞከርሁም። ከዚያ ጀለቢያቸውን አወለቁ። እናቴ ከቤት ወጥታ "በዓርብ ልብስ? በዚህ ጉልበት?" ስትል፣ አጥፈው ሰጧትና "መሮዬን አምጪልኝ" አሉ። አመጣችላቸው።

በካርቶኑ ላይ ከጎኔ ተጋደሙ። የእሳቸው መሮ ካቻቢቴዬ ያልቻለውን በሁለት ምት ቻለው፤ የት እንደሚላላ ያውቁታል። ሲደፍኑ እንዳደረጉት ሁሉ ሲከፍቱም በእያንዳንዱ "ቢስሚላህ" አሉ። ከአንዳንዱ ጥቂት ጠብታ፣ ከአንዳንዱ አንድ ጣሳ የሚሞላ ውሃ፣ ከአንዱ ደግሞ ውሃ ሳይሆን ቀይ ጭቃ ወረደ። በዚያኛው ላይ እጃቸው ቆመ።

"ጀልባ ከላይ ክፍት ነው" አሉ ወደ ብረቱ እያዩ። "ማዕበል ቢረጭበት፣ ዝናብ ቢጥልበት፣ በጣሳ ትቀዳዋለህ። ይህኛው ዝግ መሆኑን አላሰብሁም። ዕድሜዬን ሁሉ እንዳይገባ ስል ኖርሁ እንጂ፣ የገባው በየት ይወጣል ብዬ ጠይቄ አላውቅም።"

"እኔም አይቼ ዝም አልሁ" አልሁ።

"ዝም አላልህም። ነግረኸኝ ነበር።" መሮውን ወደሚቀጥለው ቀዳዳ እያዛወሩ፣ "ለበያጁ ማን ደፈነው አልኸው?"

"እኔ።"

ከጎኔ ትንፋሻቸውን ሰማሁ። የቀሩትን ከፍተው ጨረሱ።

ፒካፑ ስምንት ቀን በጉማጆቹ ላይ ቆመ። በሮቹን ከፍተን፣ ምንጣፉን አንሥተን፣ በየቀዳዳው በብስክሌት ጎማ መንፊያ እየነፋን አደረቅነው። በዘጠነኛው ቀን አባቴ መኪናውን ራሳቸው እየነዱ አብረን ወደ በያጁ ሄድን። ወርደው ከበሩ ላይ ሰላምታ ሰጡና፣ ወንበር ሲቀርብላቸው ሳይቀመጡ፣

"ውታፉ የእኔ ነው። ልጁ ተዋቸው ብሎኝ ነበር" አሉ።

በያጁ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። መነጽሩን ከግንባሩ ላይ አውርዶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ጋሼ፣ ብዙ ነገር ነቅያለሁ" አለ፤ "የእርስዎን ያህል ያስቸገረኝ የለም።"

"ባያስቸግርህ ነበር የሚሻል።"

"እንዲህ አይበሉ እንጂ..."

"ና" አሉት፤ "የትኛው ለምን እንደሆነ አሳየኝ።"

ያ አፉ የማይዘጋ ሰው በዝግታ፣ ሳይቀልድ፣ ከፒካፑ ሥር ተጋድሞ አስተማራቸው። ይኸኛው የበሩን ያወጣል፣ ይኸኛው የሻንሲውን፣ ይህች ጠባቧ ቶሎ በጭቃ ትዘጋለች። አባቴ አንድ በአንድ ጣታቸውን እያስገቡ "እሺ" ይላሉ። የበሰበሰውን ላሜራ ቆርጦ አዲስ በየደበት፤ ቀዳዳውን በትራፓኖ በሥፍራው መለሰው። ወደ ቤት አምጥተን እንደገና ቀባነው። አባቴ ሬንጁን ሲቀቡ በግራ እጃቸው አንዲት ቀጭን ሽቦ ይዘው ነበር፤ ብሩሹ በቀዳዳ ላይ ባለፈ ቁጥር ሽቦዋን አስገብተው ያወጧታል።

ጥር ላይ መርማሪው ከሥር ገብቶ በመዶሻ አንኳኳ። አባቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ድምፁ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ደረቅ ነበር። መርማሪው ወጣና ብየዳውን በጣቱ ዳስሶ፣ "ማን ሠራው?" አለ።

"ቀቢው እኔ ነኝ። በያጁ ሌላ ነው" አሉ።

ቦሎው መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። አንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አናውቅም። ሻንጣዬ እስከ አሁን ከአልጋዬ ሥር ነው፤ አልፈታሁትም፣ አልሄድሁምም።

ባለፈው ሳምንት ከእሳቸው ጋር ወደ ሐይቁ ወርጄ ነበር። ፒካፑ እስከ ጎማው እምብርት ገብቶ ዓሣውን ጫነና ወጣ። አባቴ ደረቁ አሸዋ ላይ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፉ። ወረዱ፤ በሩን ይዘው፣ ጉልበታቸውን በችግር አጥፈው፣ ሽቦዋን ከኪሳቸው አወጡና ከጠባቧ ጀመሩ። ከአሥራ አራቱም ውሃ ይንጠባጠባል።

"ጋሼ፣ ነጋዴው ይጠብቃል፤ ይሂዱ እንጂ!" አለ ከጀልባው ላይ አንዱ አስጋሪ። "መኪና ነው ወይስ ላም፣ እስኪታለብ የሚጠብቁት?"

ሌሎቹ ሳቁ። አባቴ ቀና ብለው አላዩትም።

"ይጨርስ" አሉ።

አሸዋው ላይ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። ጠብታው እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። መጨረሻዋ ስትወድቅ አባቴ ጥቂት ደግሞ ጠበቁ፤ ከዚያ እጃቸውን ሰጡኝና አነሣኋቸው።